የሕዝብ እርጅና ከአንቀልባ ይጀምራል

አንድ ሰው የሚያረጀው ዕድሜው ሲገፋ ነው። ሕዝብ ግን የሚያረጀው በሌላ መንገድ ነው፤ የሚወለዱት ሕፃናት ሲያንሱ ከጠቅላላው ሕዝብ ውስጥ የአረጋውያን ድርሻ ከፍ ይላል። የሰው ዕድሜ መርዘም የራሱ ድርሻ አለው፤ ዋናው ምክንያት ግን የወሊድ መቀነስ ነው። ስለዚህ አንድ ማኅበረሰብ ወዴት እያመራ እንደሆነ ማወቅ ከፈለጉ ከጡረተኛው በፊት አንቀልባውን ይቁጠሩ።

የዚህ መለኪያ ጠቅላላ የወሊድ ምጣኔ ይባላል። አንዲት ሴት ዛሬ በሚታየው የወሊድ ልክ ብትቀጥል በሕይወት ዘመኗ በአማካይ ስንት ልጅ እንደምትወልድ ይነግረናል። ምጣኔው 2.1 አካባቢ ሲሆን አንድ ትውልድ ራሱን ይተካል። ከሁለት በላይ ያለችው ትርፍ ለመውለድ ሳይደርሱ የሚሞቱትን ለማካካስ ጭምር ናትና ብዙ ሕፃናት በሚሞቱበት አገር መተኪያው ከዚህም ከፍ ይላል።

ይህን ይዘን ወደ አማራ ክልል እንምጣ። በ1992 ዓ.ም. የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት የክልሉ ምጣኔ 5.9 ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. 3.7 ሆነ። በ16 ዓመት ውስጥ ከሁለት ልጅ በላይ መቀነስ ትልቅ ለውጥ ነው።

ምን አመጣው? በ1990ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም የሦስት ወሩን የወሊድ መቆጣጠሪያ መርፌ እስከ ቀበሌ አደረሰው። ሴት ልጆች ትምህርት ቤት ቆዩ። በእኔ እምነት ግን በደቡብ ጎንደር ደጋ ከሁሉ የሚከብደው መሬት ነው። በክልሉ በ1989 ዓ.ም. ከተደረገው የመሬት ሽግሽግ በኋላ ለአካለ መጠን የደረሰ ወጣት ከአባቱ ይዞታ ተቆርሶ ካልተሰጠው በቀር በአብዛኛው የራሱ መሬት የለውም። ጠባብ ማሳ ለአምስት ወንድማማች ሲካፈል ለአንዱም ጎጆ መውጫ አይበቃም። «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» የሚባለው መሬት ሲገኝ ነበር።

መጀመሪያ የሚመጣው ውጤት መልካም ነው። በሥራ ዕድሜ ላይ ያለው ሰው የሚመግባቸው ሕፃናትና አረጋውያን ብዛት የጥገኝነት ምጣኔ ይባላል። ልጆች ሲያንሱ፣ አረጋውያኑም ገና ጥቂት ሲሆኑ፣ ይህ ሸክም ይቀላል። አባት ሁለት ልጆቹን ደብረ ታቦር ልኮ ማስተማር ይችላል። ኢትዮጵያ ያለችው እዚህ ደረጃ መግቢያ ላይ ነው፤ ሕዝቧም መጨመሩን አላቆመም፤ ቀድሞ በብዛት የተወለዱት ሴቶች አሁን ወላድ ናቸውና። ነገር ግን ሸክሙን ያቀለለው የልጆቹ ማነስ ነው፤ ነገ ወላጆቻቸውን የሚጦሩትም እነዚያው ጥቂቶች ናቸው።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ በደቡብ ጎንደር ደራ ወረዳ፣ አንበሳሜ ዙሪያ ባለ አንድ የጤፍ ማሳ ላይ እንየው። አረም፣ አጨዳና ውቂያ በአንድ ሰው ጉልበት አይወጣም። ለዚህ ወንፈል አለ፤ ዛሬ ለእኔ ያጨዳችሁልኝን ነገ ለእናንተ አጭዳለሁ የሚል የጉልበት ብድር ነው። ሰባ ዓመት የሞላቸው አባት ይህን ብድር መመለስ አይችሉም፤ ስለዚህ በፊት ልጃቸው በእሳቸው ስም ይወጣ ነበር። ያ ልጅ ለሰሊጥ ሥራ መተማ ወርዶ ከቀረ ወይም ባሕር ዳር ከገባ አባት ከወንፈል ይወጣሉ። ቀጥሎ ያለው ደቦ ነው፤ ጠላና ምግብ አዘጋጅቶ ጎረቤት መጥራት ይጠይቃል፤ ደጋሿ ባለቤታቸውም አርጅተዋል። መጨረሻ ላይ መሬቱ የእኩል ይሰጣል። አራሹ ምርቱን ሲካፈል፣ ለሁለት ሰው ይበቃ የነበረው ጎተራ ይጎድላል። ልብ ይበሉ፤ እዚህ ላይ ማንም አልበደላቸውም። የጎደለው በወንፈሉ የሚተካቸው ሰው ነው። የወጣቶች ፍልሰት ደግሞ የገጠሩን ቀበሌ ከወሊዱ መቀነስ ቀድሞ ያስረጀዋል።

ደመወዝተኛ ቢያንስ ጡረታ አለው። በ2003 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የግል ድርጅት ሠራተኞችም የጡረታ መብት አግኝተዋል። የገበሬው ጡረታ ግን ጧሪ ቀባሪ ልጁና መሬቱ ናቸው።

ጊዜው ሩቅ ይመስላል፤ አይደለም። ዕድሜያቸው 65 የደረሰ ሰዎች ድርሻ ከመቶ 7 ወደ 14 ለማደግ በፈረንሣይ 115 ዓመት ገደማ ወስዷል፤ በጃፓን ግን፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1970 እስከ 1994፣ 24 ዓመት ብቻ። ወሊድ ዘግይቶና ፈጥኖ የቀነሰበት አገር እርጅናውም ይፈጥናል፤ አንዳንዱ ሀብት ሳያፈራ ይደርስበታል።

በ2008 ዓ.ም. የ25 ዓመት እናት የነበረች የደራ ሴት በ2043 ዓ.ም. 60 ዓመት ይሞላታል። ለዚያ ቀን ከወዲሁ መዘጋጀት ይቻላል። የእድሮቻችን ሥርዓት የተሠራው በዋናነት ለቀብር ነው፤ ከመዋጮው የተወሰነው ከሞት በፊት፣ ማሳው አራሽ ባጣበት ክረምት፣ የቀን ሠራተኛ መቅጠሪያ እንዲሆን መወሰን ግን አባላቱ በአንድ ስብሰባ የሚጨርሱት ጉዳይ ነው። ገበሬው በመኸር ወቅት ትንሽ ትንሽ እየከፈለ የሚሳተፍበት የጡረታ ቁጠባም ገንዘቡ የሚጠራቀመው በዓመታት ነውና መጀመር ያለበት ያቺ ሴት ገና በጉልበቷ ሳለች ነው።