ሕፃን በእጁ እየሠራ ይማራል

በርሖቦት፣ በቂርያት ሞሼም ሆነ በሌላ ሰፈር ብትኖሩ፣ «ዕብራይስጥ ስለማናውቅ ልጃችንን ማስተማር አንችልም» ብላችሁ ዝም አትበሉ። የሕፃን ትምህርት በእጅ ሥራና በአፍ መፍቻ ቋንቋ ይጀመራል። ጣሊያናዊቷ ሐኪም ማሪያ ሞንተሶሪ በ1907 እ.ኤ.አ. በሮም የድሆች ሰፈር በከፈቱት የሕፃናት ቤት፣ ልጆች የሚሠሩትን ራሳቸው እየመረጡ ይማሩ ነበር።

እናንተም ልጃችሁ ምስር መልቀም፣ ሊጥ ማድቦልቦል ወይም ካልሲ ማጣመር ቢሻ ፍቀዱለት። የያዘውን ነገር በስሙ እየጠራችሁ በአማርኛ አነጋግሩት፤ ቢዘገይም ከእጁ አትንጠቁት። አማርኛ መስማቱ ዕብራይስጥ ከመማር አያግደውም።

ከሦስት ዓመት በታች ላለ ሕፃን ግን ጥራጥሬ ሊያንቀው ስለሚችል፣ በምትኩ ማንኪያና የድስት ክዳን ስጡት፤ ከአጠገቡም አትራቁ። ስለ ዕድገቱ በጢፓት ሐላብ ያለችውን ነርስ ጠይቁ።