ስለ ፍሬን፦ ቡስተሩንና ማስተር ሲሊንደሩን በትልቅ ከማስቀየራችን በፊት

የማኅበራዊ ሥራ ተማሪዎች ስለ መኪና ፍሬን ምን አገባቸው የሚል አንባቢ አይጠፋም። ከመካከላችን ብዙዎቻችን ከቤታችን ዩኒቨርሲቲ የገባን የመጀመሪያዎቹ ነን። ስለዚህ የባንኩም ደብዳቤ፣ የኩፓት ሆሊሙም ወረቀት፣ የሙሳኩም የዋጋ ዝርዝር «እስኪ አንብብልኝ» ተብሎ የሚሰጠው ለእኛ ነው። የምንነዳው መኪናም አብዛኛውን ጊዜ ከአባት ወይም ከአጎት የተላለፈልን፣ በዕድሜ ታናናሾቻችንን የሚበልጥ ነው።

እንዲህ ያለው መኪና ፍሬኑ ሲያስቸግር በየሰፈሩ ከሚሰጡት ምክሮች አንዱ «ትልቅ ቡስተርና ትልቅ ማስተር ሲሊንደር አስገባበት፤ እንደ አዲስ ይይዝልሃል» የሚል ነው። ምክሩ ጭራሽ ውሸት አይደለም። ነገር ግን የሁለቱ ዕቃዎች ሥራ ለየቅል ነው። አንዱን ማተለቅ ሌላው የሰጠንን ሊወስድብን እንደሚችል የሚነግረን ሰው ብዙ አይገኝም።

መጀመሪያ ዕቃዎቹን እንያቸው። ኮፈኑን ስንከፍት፣ ከፍሬን ፔዳሉ ትይዩ ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ጥቁር፣ ክብ፣ ከበሮ የመሰለው ዕቃ ቡስተሩ ነው። ከፊቱ የተቀጠለው፣ የፍሬን ዘይት ማጠራቀሚያውን በላዩ የተሸከመው ደግሞ ማስተር ሲሊንደሩ ነው፤ በሙሳኩ ወረቀት ላይ «ማሽኤቫት ብላሚም» ተብሎ የምናነበው እሱ ነው።

አሁን ከእግር እስከ ጎማ እንከተል። ፔዳሉ ራሱ ማንሻ ነው። በ20 ኪሎ ኃይል ብንረግጠውና ፔዳሉ በ4 ቢያባዛው፣ ወደ ማስተር ሲሊንደሩ የሚደርሰው ግፊት 80 ኪሎ ይሆናል። ቡስተሩን ለጊዜው እንርሳው። የሲሊንደሩ ቀዳዳ ስፋት 22.2 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ የፒስተኑ ፊት 3.88 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። 80ን ለ3.88 ስናካፍል በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ 20.6 ኪሎ ግፊት እናገኛለን። ቀዳዳውን ወደ 25.4 ሚሊ ሜትር ብናሰፋው ግን የፒስተኑ ፊት 5.07 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ያው 80 ኪሎ ሲካፈል የሚሰጠን 15.8 ብቻ ነው። ሲሊንደሩ ተለቀ፣ ግፊቱ ግን በሩብ ገደማ ቀነሰ!

ታዲያ ትልቅ ሲሊንደር ለምን ይመረታል? ብዙ ዘይት ስለሚገፋ ነው። ፔዳሉ ብዙ ሳይወርድ ይይዛል፣ ከእግር በታችም ጠንከር ይላል። ሾፌሩ ይህን ጥንካሬ ሲያገኝ «ፍሬኑ በረታ» ይላል። በእርግጥ የበረታው ፔዳሉ ነው፤ መኪናውን እንደ በፊቱ ለማቆም አሁን የበለጠ መርገጥ ይኖርበታል።

ቡስተሩ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ውስጡ በስስ የጎማ ግድግዳ ለሁለት ተከፍሏል። የቤንዚን ሞተር በአንደኛው ወገን ያለውን አየር ይስባል፤ ስንረግጥ በሌላው ወገን የውጭው አየር ይገባና ግድግዳውን ይገፋል። የሚያግዘን እንግዲህ ዘወትር ተሸክመነው የምንኖረው የአየር ክብደት ነው። በሁለቱ ወገኖች መካከል በካሬ ሴንቲ ሜትር 0.6 ኪሎ የግፊት ልዩነት ቢኖር፣ የ8 ኢንች ቡስተር በስሌት እስከ 195 ኪሎ፣ የ10 ኢንቹ እስከ 300 ኪሎ ያህል ያግዛል። በተግባር ከዚህ ያንሳል፤ ቢሆንም ሲሊንደሩን ያሰፋ ሰው ቡስተሩንም ለምን እንደሚያስብበት ከዚህ ይታያል።

ሞተሩ ቢጠፋ ቡስተሩ ያጠራቀመው አንድ ሁለት ጊዜ ለመርገጥ ይበቃል፤ ከዚያ በኋላ ፔዳሉ ድንጋይ ይሆናል። ቡስተሩን በነፃ የምንፈትነውም በዚሁ ነው። መኪናው ደልዳላ ቦታ ቆሞ፣ የእጅ ፍሬኑ ተይዞ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ፔዳሉን እስኪጠነክር ደጋግመን እንረግጣለን። ከዚያ እግራችንን ሳናነሳ ሞተሩን እናስነሳለን። ፔዳሉ በትንሹ ወደ ታች ከሸሸ ቡስተሩ እየሠራ ነው። ካልተንቀሳቀሰ ግን ቡስተሩን ከመክሰሳችን በፊት ከሞተሩ የሚመጣውን ቱቦና የአንድ አቅጣጫ ቫልቩን ማስፈተሽ ይገባል፤ የተሰነጠቀ ቱቦ ዋጋው ከቡስተር ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ የሚለሰልስ ከሆነ ቡስተር መቀየር አያድነውም። በመስመሩ ውስጥ አየር ገብቶ፣ የጎማ ቱቦዎቹ እያበጡ፣ ወይም የኋላው ታምቡር ሸራ ከቦታው ርቆ ሊሆን ይችላል። ረግጠን ስንይዘው ቀስ እያለ የሚሰምጥና ዘይት የትም የማያፈስ ከሆነ ደግሞ የማስተር ሲሊንደሩ የውስጥ ጎሚኒዎች ያለቁ መሆናቸውን መጠርጠር ነው። ያን ጊዜ የሚያስፈልገው አዲስ ሲሊንደር ነው፤ መጠኑ ግን የፋብሪካው ይሁን።

የፍሬን ዘይትም አይረሳ። ከአየር ውስጥ እርጥበት ይጠጣል። ዶት 4 የሚባለው ዘይት አዲስ ሳለ ከ230 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች እንዳይፈላ ደረጃው ያዝዛል፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን ይህ ወለል ወደ 155 ይወርዳል። ከኢየሩሳሌም ወደ ሙት ባሕር የሚወርደው መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው፤ እግሩን ፍሬን ላይ ጭኖ የሚወርድ ሰው ዘይቱን ያፈላል፣ በመስመሩ ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል፣ ፔዳሉም ወለል ይነካል። ሊማሊሞን የሚያውቁ አባቶቻችን ቁልቁለትን በከባድ ማርሽ መውረድ እንደሚገባ ሳይነገራቸው ያውቁታል፤ እዚህ ላይ ከእነሱ መማር ይሻላል።

ማሳደጉ በእውነት የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ። እስከ 1966 ሞዴል ያለው ፎርድ ሙስታንግ ማስተር ሲሊንደሩ ባለ አንድ መስመር ነበር፤ አንድ ቱቦ ከፈነዳ አራቱም ጎማ ፍሬን ያጣል። ባለ ሁለት መስመሩ የመጣው በ1967 ሞዴል ነው። እንዲህ ያለ መኪና ያለው ሰው ባለ ሁለት መስመር ቢያስገባ እሰየው ነው። የፊቱን ታምቡር ወደ ዲስክ የሚለውጥም እንዲሁ፤ ዲስክ እንደ ታምቡር ራሱን በራሱ ስለማያጠብቅ ከፍ ያለ ግፊት ይፈልጋል፣ ቡስተርም ያሻዋል። ለታምቡር የተሠራ ሲሊንደር ግን በመስመሩ ውስጥ ጥቂት ግፊት የሚያስቀር ቫልቭ ሊኖረው ስለሚችል፣ ለዲስክ ሲውል ፍሬኑ ሳይለቅ እየጎተተ ይሞቃል።

በቡስተሩና በሲሊንደሩ መካከል ያለችው ዘንግ ነገርም ከባድ ነው። ጥቂት ከረዘመች ፒስተኑ ወደ ቦታው አይመለስም፣ ዘይቱ ወደ ማጠራቀሚያው መመለሻ ያጣል፣ ፍሬኑም እየነዳን ሳለ ራሱን ይይዛል። ካጠረች ፔዳሉ ባዶ ይወርዳል። ስለዚህ የተለያየ መኪና ቡስተርና ሲሊንደር ሲገጣጠም «ገጠመ» ማለት «ተስማማ» ማለት አይደለም።

አሁን ያለው ፍሬን አራቱንም ጎማ ማገድ የሚችል ወይም ኤቢኤሱን የሚያስነሳ ከሆነ፣ ትልቅ ቡስተር የማቆሚያውን ርቀት አያሳጥርም። ከዚያ በኋላ የሚወስነው ጎማውና አስፋልቱ ነው። በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሰከንድ 25 ሜትር ይሄዳል፤ ለቡስተር የታሰበው ገንዘብ አራት ጥሩ ጎማ ቢገዛ ብዙ ጊዜ ይሻላል እንላለን። ጉልበቷን ለሚያማት እናት ግን ሒሳቡ ሌላ ነው። መኪናው የማቆም ጉልበት ቢኖረውም፣ እሷ እስከዚያ ድረስ መርገጥ ካልቻለች የሚሠራ ቡስተር ቅንጦት አይደለም።

እነዚህን ሥራዎች ግቢ ውስጥ በዩቲዩብ አንሞክራቸው። 15 ዓመት የሞላው የግል መኪና ለቴስት ሲቀርብ ፈቃድ ካለው ሙሳክ የፍሬን ማረጋገጫ ይጠየቃል። ከፋብሪካው የሚለይ ለውጥ «ሺኑይ ሚቭኔ» የሚባለውን ፈቃድ ሊያስፈልገው ስለሚችል፣ ገንዘብ ከመክፈል በፊት ሙሳኩንም ኢንሹራንሱንም መጠየቅ ነው። ከወላጆቻችን ጋር ስንሄድ «ፔዳሉ ጠንክሯል ወይስ ለስልሷል ወይስ ይሰምጣል?» የሚለውን አስቀድመን እነሱን እንጠይቅ፤ አብሯቸው የሚኖር ፔዳል ስለሆነ ከእኛ ይልቅ እነሱ ያውቁታል። ከዚያ ያሉትን እንዳለ ወደ ዕብራይስጥ እንመልስ፤ «ፍሬኑ ተበላሽቷል» ብለን አናሳጥረው። የቀዳዳው ስፋት ብዙ ጊዜ በሲሊንደሩ ጎን ላይ ተጽፎ ይገኛል፤ አሮጌው ሳይጣል ቁጥሩን ከአዲሱ ጋር እናስተያይ፣ አሮጌውንም ዕቃ አስጠቅልለን እንውሰድ።