ከቤት ሆኖ የሚሠራ የዕርማትና የአርትዖት ሥራ

«ድኅነት» መዳን ነው፤ «ድህነት» ማጣት ነው። ልዩነታቸው አንዲት ፊደል ናት። እንዲሁም «ሠዐለ» ሥዕል ሣለ፣ «ሰአለ» ለመነ ማለት ነው። ይህን ለይተው የሚያውቁ፣ በአብነት ትምህርት ቤት ግእዝ የተማሩ ወጣቶች በየአጥቢያው አሉን፤ ብዙዎቹ ግን በዕውቀታቸው ገቢ አያገኙበትም። በአንጻሩ መጽሐፍ የሚያሳትሙ ጸሐፊዎችና ተርጓሚዎች፣ በውጭ አገር ያሉ አጥቢያዎችም ጭምር፣ አራሚ ይፈልጋሉ። ጽሑፉ በኢሜይል ወይም በቴሌግራም ተልኮ፣ በኮምፒውተር ታርሞ ስለሚመለስ ሥራው ከቤት ሆኖ ይሠራል።

ለጀማሪዎች አራት ነገር እንመክራለን።

አንደኛ፦ ዕርማት የፊደልንና የሥርዓተ ነጥብን ግድፈት ያቀናል፤ አርትዖት የዐረፍተ ነገርን አሠካክና የሐሳብን ፍሰት ያስተካክላል። የትኛው እንደ ተፈለገ ከዋጋ በፊት ይጠይቁ።

ሁለተኛ፦ ሁለት ሦስት ገጽ ለናሙና አርመው ያሳዩ፤ የገጹን ዋጋና የማስረከቢያውን ቀን በጽሑፍ ይዋዋሉ።

ሦስተኛ፦ ያረሙት ሁሉ በኮምፒውተሩ ተለይቶ እንዲታይ አድርገው ይመልሱ፤ የጸሐፊውን ሐሳብ ሳያስፈቅዱ አይለውጡ።

አራተኛ፦ ሥራ ለመስጠት አስቀድሞ የመመዝገቢያ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ቢገጥማቸው አይመኑት።

ሰበካ ጉባኤያትም የጽሕፈት ቤቱን ኮምፒውተር ለተወሰነ ሰዓት እንዲፈቅዱላቸው፣ የአጥቢያውን ዓመታዊ ሪፖርትና መጽሔት የመጀመሪያ ሥራቸው አድርገው እንዲሰጧቸው እናሳስባለን። ይህም በክፍያ ይሁን፤ እኛ በነጻ ያሠራነውን ወጣት ሌላው ዋጋ እንዲከፍለው መጠበቅ አይገባንምና።