የእንግሊዝኛ ትምህርት፦ ሃይፈንና የቃላት ትርጉም

በዛሬው ትምህርታችን የምንመለከተው በእንግሊዝኛ ሃይፈን ስለምትባለው አጭር ጭረት ነው። ብዙዎቻችን እንደ ጌጥ ቆጥረን እናልፋታለን። ነገር ግን በካምፕ ውስጥ በምንፈርምባቸው ወረቀቶች ላይ ጭረቷ መኖሯና አለመኖሯ ትርጉም ይለውጣል። ስለዚህ ሥራዋን አንድ በአንድ እንይ።

1. ቃላትን ታያይዛለች

ሁለት ወይም ሦስት ቃላት ተባብረው ከኋላቸው ያለውን ስም ሲገልጹ በሃይፈን ይያያዛሉ። በዕቃ መረከቢያ ወረቀት ላይ «ትዌንቲ ፋይቭ-ሊትር ጀሪካንስ» ተብሎ ቢጻፍ፣ እያንዳንዳቸው 5 ሊትር የሚይዙ 20 ጀሪካኖች ማለት ነው። «ትዌንቲ-ፋይቭ-ሊትር ጀሪካንስ» ከሆነ ግን እያንዳንዳቸው 25 ሊትር የሚይዙ ናቸው፤ ብዛታቸው አልተነገረም። ቃላቱ ያው ናቸው፤ የለየቻቸው ጭረቷ ናት። ስለ ቡድኑ የሚፈርም ሰው ይህን ሳይለይ ብዕሩን ማንሣት የለበትም።

ሁላችንንም የሚመለከት ሌላ ምሳሌ «ዌል-ፋውንድድ ፊር» የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1951 የወጣው የስደተኞች ኮንቬንሽን በአንቀጽ 1 ስደተኛ ማን እንደሆነ ሲገልጽ የተጠቀመበት ቃል ነው። «ዌል» ብቻውን ሲሆን ደኅና ማለት ነው፤ የውሃ ጉድጓድም ይባልበታል። «ፋውንድ» ደግሞ ተገኘ የሚለው ሊመስለን ይችላል። እዚህ ግን የመጣው መሠረተ ከሚለው ግስ ነው። ሲያያዙ «በሚገባ የተመሠረተ» ይሆናሉ፤ ሐረጉ በሙሉ በቂ ምክንያት ያለው ፍርሃት ማለት ነው። እንግዲህ በቃለ መጠይቅ ስለዚህ የሚጠየቅ ሰው «እፈራለሁ» ብሎ ማቆም አይበቃውም፤ ማንን፣ ለምን እንደሚፈራና የደረሰበትን ማስረዳት ይኖርበታል።

ማስታወሻ፦ የመጀመሪያው ቃል እንደ «ኒውሊ» በኤልና በዋይ ፊደላት የሚያልቅ ተውሳከ ግስ ከሆነ ሃይፈን አይገባም። ስለዚህ «ኒውሊ አራይቭድ ሪፊውጂስ»፣ ማለትም አዲስ የገቡ ስደተኞች፣ ያለ ጭረት ይጻፋል።

2. ባዕድ መነሻን ከቃል ጋር ታገናኛለች

«ነን» ያልሆነ፣ «ኤክስ» የቀድሞ፣ «ሪ» እንደገና ማለት ናቸው። «ነን-ፉድ አይተምስ» ሲባል ምግብ ያልሆኑ ዕቃዎች፣ ለምሳሌ ብርድ ልብስ፣ ድስትና ሳሙና ማለት ነው።

በ«ሪ» ላይ ግን እንጠንቀቅ። «ሪዛይን» ያለ ጭረት ሲጻፍ ከሥራ መልቀቅ ነው። «ሪ-ሳይን» በጭረት ሲጻፍ እንደገና መፈረም ነው። ፊደሎቻቸው አንድ ናቸው፤ አነባበባቸውና ትርጉማቸው ይለያያል። በካምፑ ክሊኒክ ወይም ትምህርት ቤት የሚሠራ ወገናችን ውሉን እንዲያድስ የተጻፈለትን ደብዳቤ የስንብት ደብዳቤ አድርጎ እንዳይረዳው፣ ጭረቷን ፈልጎ ይመልከት።

3. በመስመር መጨረሻ ቃል ትከፍላለች

በጥንቱ የግእዝና የአማርኛ አጻጻፍ የቃል መጨረሻ በሁለት ነጥብ ስለሚታወቅ፣ ቃሉ የትም ላይ ተቆርጦ ወደሚቀጥለው መስመር ሊሻገር ይችላል። በእንግሊዝኛ እንዲህ አይደለም። ቃሉ በድምፅ ክፍሉ ይከፈልና ጭረቷ ከላይኛው መስመር መጨረሻ ትቀመጣለች። ሦስት ነገሮችን እናስታውስ፦

ሀ. እንደ «ስኩል» ያለ ባለ አንድ ድምፅ ክፍል ቃል አይከፈልም።
ለ. አንድ ፊደል ብቻውን አይቀርም።
ሐ. አከፋፈሉ ሌላ ትርጉም እንዳይፈጥር ይታያል። «ማንስሎተር» የሚለው የሕግ ቃል፣ አስቀድሞ ሳይታሰብበት ሰው መግደል ማለት ሲሆን፣ ከኤስ ፊደል በፊት ይከፈላል። ኤስን ከላይ ብናስቀራት የታችኛው መስመር «ላፍተር» ተብሎ ይነበባል፤ ግድያው ሳቅ ሆኖ ያርፈዋል!

መልመጃ

መልሱን ሳታዩ ልዩነታቸውን ተናገሩ።
1. «ሪከቨር» እና «ሪ-ከቨር»
2. «ቴን-ይር-ኦልድ ቺልድረን» እና «ቴን ይር-ኦልድ ቺልድረን»
3. «ሶልጀር» እና «ኤክስ-ሶልጀር»

መልስ

1. ከሕመም ማገገም፤ እንደገና መሸፈን።
2. የዐሥር ዓመት ልጆች፤ ዐሥር የአንድ ዓመት ልጆች።
3. ወታደር፤ የቀድሞ ወታደር። በፎርም ላይ ይህች ጭረትና መነሻዋ ቢቀሩ ሰውዬው ዛሬም ወታደር ነው ማለት ይሆናልና አደራ!

በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ መልካም ጥናት።