ለፍሬን ካሊፐር የሚስማማውን ግሪስ ስለ መምረጥ



ከጎሐ ጽዮን ተነሥቶ ወደ ዓባይ ድልድይ የሚያወርደው መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይዘልቃል። እንዲህ ባለው ቁልቁለት የተሳፋሪው ሕይወት በፍሬኑ ላይ የተመሠረተ ነው። ሆኖም ፍሬንን ለጉዳት ከሚዳርጉት ስሕተቶች አንዱ የሚጀምረው ከጋራዥ ሳይሆን ከጽሕፈት ቤት ነው፤ ይኸውም በግዥ መጠየቂያው ላይ ዓይነቱ ሳይገለጽ «ግሪስ» ተብሎ ብቻ ሲጻፍ ነው። ስለዚህ የትኛው ግሪስ ለየትኛው የካሊፐር ክፍል እንደሚስማማ እንመልከት።

የካሊፐር ሥራ

ካሊፐር የፍሬን ሸራዎችን ከዲስኩ ግራና ቀኝ ይዞ የሚያጣብቅ ክፍል ነው። በብዙ መኪኖች ፒስተኑ በአንድ ወገን ብቻ ይገኛል። ፔዳሉ ሲረገጥ ፒስተኑ የውስጡን ሸራ ይገፋል፤ ካሊፐሩም በፒኖቹ ላይ ተንሸራትቶ የውጭውን ሸራ ወደ ዲስኩ ይስባል። ፒኖቹ ከደረቁ ወይም ከዛጉ ግን ካሊፐሩ አልንቀሳቀስ ይላል። ያን ጊዜ አንዱ ሸራ ከሌላው ፈጥኖ ያልቃል፤ መኪናው ወደ አንድ ወገን ይስባል፤ ሸራው ዲስኩን ስለማይለቅም ቸርኬው ይግላል።

ሙቀቱ ወደ ፍሬን ዘይቱ ይደርሳል። እርጥበት ያልገባበት ዶት 3 የመፍያ ነጥቡ ቢያንስ 205፣ የዶት 4 ደግሞ ቢያንስ 230 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው፤ በቆይታ እርጥበት የሳበ ዘይት ግን ከዚያ ባነሰ ሙቀት ይፈላል። ዘይቱ ሲፈላ እንፋሎት ይፈጠራል፤ እንፋሎቱም ስለሚታመቅ ፔዳሉ ሳያቆም ወደ ወለሉ ይወርዳል።

ተራው ግሪስ የማይሆንበት ምክንያት

በየጋራዡ የሚገኘው ተራ ግሪስ አብዛኛውን ጊዜ ከማዕድን ዘይት የሚሠራ ሲሆን፣ ለመሪ መገጣጠሚያና ለመሳሰሉት ጠቃሚ ነው። የካሊፐር ላስቲኮች ግን በብዛት የሚሠሩት ኢፒዲኤም ከተባለ የላስቲክ ዓይነት ነው። ይህ ላስቲክ የፍሬን ዘይትን ይቋቋማል፤ የማዕድን ዘይት ሲነካው ግን ያብጣል፣ ጥንካሬውንም ያጣል። ያበጠ ላስቲክ ፒኑን አጥብቆ ይይዛል። እንግዲህ እንዲያንሸራትት የተቀባው ግሪስ ራሱ ካሊፐሩን ያስራል ማለት ነው። ጉዳቱ በዕለቱ ስለማይታይ መኪናው ከጋራዥ ሲወጣ ደኅና ይመስላል።

ለየክፍሉ የሚስማማው

1. ተንሸራታች ፒኖች፦ ላስቲክን እንደማይጎዳ በመያዣው ላይ የተጻፈበት፣ ለፍሬን የተዘጋጀ የሲሊኮን ወይም ሌላ ሰው ሠራሽ ግሪስ ያስፈልጋል። አሮጌው ተጠርጎ አዲሱ በስሱ ይቀባል፤ ከበዛ በቀዳዳው ውስጥ አየር አፍኖ የፒኑን እንቅስቃሴ ያውካል። ፒስተን በሁለቱም ወገን ያለው ካሊፐር ተንሸራታች ፒን የለውም።

2. ፒስተንና ማሸጊያ ላስቲኩ፦ ሲገጣጠሙ አምራቹ ያዘዘው ንጹሕ የፍሬን ዘይት ወይም ለዚሁ የተዘጋጀ የላስቲክ ግሪስ ይቀባል።

3. የሸራው ብረት ጫፎችና ጀርባ፦ ዝገቱ በሽቦ ብሩሽ ከተነሣ በኋላ ከፍተኛ ሙቀት የሚችል፣ ሴራሚክ ያለበት ግሪስ በጥቂቱ ይቀባል።

4. የሸራው ፊትና ዲስኩ፦ ፈጽሞ ግሪስ ሊነካቸው አይገባም። ግሪስ የነካው ሸራ ይለወጣል፤ ዲስኩም በፍሬን ማጽጃ ይጠረጋል።

ከኮሚቴው የሚጠበቀው

በግዥ መጠየቂያው ላይ «ለካሊፐር ተንሸራታች ፒን የሚሆን፣ ላስቲክ የማይጎዳ የሲሊኮን ግሪስ» ተብሎ በግልጽ ይጻፍ። ዕቃው ሲመጣ ንብረት ክፍሉ ጽሑፉን አንብቦ ይረከብ፤ ከተራው ግሪስ ለይቶም ያስቀምጥ። መካኒኩ የትኛውን ግሪስ የት እንደቀባ በጥገና መዝገቡ ላይ ያስፍር። መኪናው ከመንቀሳቀሱ በፊትም ሾፌሩ ፔዳሉ እስኪጠነክር ደጋግሞ ይርገጥ።

የፍሬን ግሪስ ዋጋው ከተራው ቢበልጥም ለአንድ ጥገና የሚበቃው ጥቂት ነው። በዚህ የሚቆጠበው ገንዘብ ሸራና ዲስክ ያለ ጊዜያቸው ሲያልቁ ብዙ እጥፍ ሆኖ ይከፈላል፤ በቁልቁለት ላይ ፍሬን ቢከዳ ደግሞ የሚጠፋው ገንዘብ ብቻ አይሆንም።