የገደል አፋፍ ሣርና ጭላዳ፦ ለሰበካ ጉባኤያት የቀረበ ትምህርት

በቦረና፣ በሳይንትና በአጎራባች ወረዳዎች የሚገኙ አጥቢያዎች ወይራውን፣ ጽዱንና ኮሶውን በቅጥራቸው ውስጥ ጠብቀው ለዚህ ትውልድ አድርሰዋል። ይህ አባቶቻችንን የሚያስመሰግን ሥራ ነው። ይሁን እንጂ በእነዚሁ ተራሮች ላይ ኑሮው ከዛፍ ጋር ሳይሆን ከሣርና ከገደል ጋር የተሳሰረ ፍጥረት አለ፤ እርሱም ጭላዳ ነው። ዛፍ በመትከል ብቻ ጭላዳን መጠበቅ አይቻልም፤ የሚጠበቀው የገደሉ አፋፍ ሣር ሲጠበቅ ነው። የዚህ ትምህርት ዓላማ ይህ ለምን እንደ ሆነ ማስረዳትና ካህናትና የሰበካ ጉባኤ አባላት ሊያደርጉት የሚችሉትን ማመልከት ነው።

፩. የጭላዳ አኗኗር

ጭላዳ በዱር የሚገኘው በኢትዮጵያ ብቻ ነው። የእርሱ ወገን የሆኑ ሌሎች እንስሳት በጥንት ዘመን በልዩ ልዩ የአፍሪካ ክፍሎች ይኖሩ እንደ ነበር ቅሪተ አካላት ይመሰክራሉ፤ ዛሬ ግን ከዚያ ወገን የቀረው እርሱ ብቻ ነው። ከመካነ ሰላም ከተማ ብዙ በማይርቀው በደንቆሮ ጫካና ከበላዩ ባለው የአስታ፣ የጅብራና የጓሳ ምድር ከቀይ ቀበሮ፣ ከድኩላና ከነብር ጋር አብሮ ይኖራል። ስፍራው በ2001 ዓ.ም. በአማራ ክልል መንግሥት ብሔራዊ ፓርክ ሆኖ ተከልሏል፤ ዛሬ የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ ተብሎ ይጠራል።

የጭላዳ ዋና ምግብ ሣር ነው። በቂጡ ተቀምጦ እየተንፏቀቀ ሣሩን በሁለት እጁ ይነጫል፤ በበጋ ሣሩ ሲደርቅ ሥሩን ቆፍሮ ይመገባል። ሌሊት ከነብርና ከጅብ ለመሸሸግ በገደል እርከን ላይ ያድራል፤ ጠዋት ወደ አፋፉ ወጥቶ ይግጣል፤ ማታ ተመልሶ ይወርዳል። ስለዚህ ከገደሉ ብዙ መራቅ አይችልም። ሴቲቱ ስድስት ወር ያህል አርግዛ አንድ ግልገል ትወልዳለች፤ ዳግመኛ ለመውለድም ሁለት ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ይፈጅባታል። የተገደለው በቶሎ አይተካም። በመላ አገሪቱ ያለው ቁጥር እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ 440,000 ያህል ይሆናል ተብሎ ተገምቶ ነበር፤ በኋላ የተሰጠው ግምት ግን ወደ 200,000 ዝቅ ብሏል።

፪. ከሩቅ አገር አንድ ማነጻጸሪያ

መኖሪያው ሲቆራረጥ የዱር እንስሳ ምን እንደሚደርስበት በቻይና ሃይናን ደሴት ታይቷል። በዚያ ባዋንግሊንግ በሚባለው ጥብቅ ደን ውስጥ ጊቦን የሚባል፣ ክንደ ረጅምና ጅራት የሌለው እንስሳ አለ። ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ እየተወነጨፈ ይኖራል እንጂ ወደ መሬት መውረድን አይወድም። ደኑ ስለ ተመነጠረና አደን ስለ በዛበት ቁጥሩ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ከ10 በታች ወርዶ ነበር። የቀረው ደን ከተጠበቀ በኋላ ዛሬ ከ40 ጥቂት ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ2014 በዐውሎ ነፋስ የተነሣ መሬት ተንሸራቶ የሚሻገሩባቸውን ዛፎች ባቋረጠ ጊዜ ጠባቂዎች በክፍተቱ ላይ ገመድ ዘረጉላቸው፤ ወራት ካለፉም በኋላ ጊቦኖቹ በዚያ መሻገር ጀመሩ። ለጊቦን የዛፍ ጫፍ ከዛፍ ጫፍ መገናኘት ሕይወት እንደ ሆነ ሁሉ ለጭላዳም ገደሉና ሣሩ ሳይለያዩ መገናኘታቸው ሕይወት ነው።

፫. የገበሬው ጉዳትና ምክንያቱ

ጭላዳ ገብስ ያጠፋል። ይህን መካድ ከገበሬው ጋር መለያየት ነው። ዓመት ሙሉ የደከመበት ማሳ በአንድ ቀን ሲረገጥ ያየ አባወራ «ጠብቁት» ሲባል ቢከፋው አይፈረድበትም። ልጆችም ማሳ እንዲጠብቁ ከትምህርት ቤት ይቀራሉ። ይሁን እንጂ ምክንያቱን መመርመር ይገባል። የእርሻ መሬት ሲጠብ ማረሻው እስከ አፋፉ ድረስ ይደርሳል፤ የተረፈውንም ሣር የቤት ከብት ይግጠዋል። ጭላዳው ጠዋት ከገደሉ ሲወጣ በፊቱ የሚያገኘው ገብስ ብቻ ይሆናል።

በበጎ አሳብ የሚደረግ ነገርም ሊጎዳ ይችላል። የአፋፉ ሜዳ «ባዶ መሬት» ነው ተብሎ ባሕር ዛፍ ሲተከልበት ሣሩ ይጠፋል፤ ጭላዳውም ወደ ማሳው ይገፋል። ችግኝ የሚተከልበትን ስፍራ መምረጥ ከመትከሉ ባላነሰ ማስተዋልን ይጠይቃል።

፬. የመንዝ ጓሳ ምስክርነት

አባቶቻችን የሣር ምድርን በሥርዓት ይጠብቁ እንደ ነበር በሰሜን ሸዋ የመንዝ ጓሳ ያስረዳል። በዚያ ቄሮ በሚባለው፣ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ በቆየ ሥርዓት ሕዝቡ የጓሳውን ምድር ለተከታታይ ዓመታት ከግጦሽና ከአጨዳ ይከለክል ነበር። የክዳን ሣር በሚያስፈልግበት ወይም ድርቅ በሚበረታበት ጊዜ ይከፈታል፤ ክልከላውም ከቤተ ክርስቲያን ጋር ተያይዞ በሐምሌ አቦ በዓል ይጸና ነበር። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሥርዓቱ ቢላላም ሕዝቡ በኋላ በየቀበሌው በተመረጡ ኮሚቴዎች ጥበቃውን መልሷል። ዛሬ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ በዚያ በብዛት ይታያሉ። በጓሳ በተደረገ ጥናት ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መካከል ሆኖ አይጥ ሲያድን ከ100 ሙከራ በ67ቱ ሲሳካለት ብቻውን ሲሆን ግን በ25ቱ ብቻ እንደሚሳካለት ታውቋል። አንዱን ፍጥረት መጠበቅ ሌላውን እንደሚጠቅም ይህ ያሳያል።

፭. ሰበካ ጉባኤ ሊያደርገው የሚችለው

አንደኛ፤ ከገበሬዎቹና ከቀበሌው አስተዳደር ጋር ተመካክሮ በአፋፉ ዳር የማይታረስና ዛፍ የማይተከልበት የሣር መቀነት መለየት። የቤተ ክርስቲያን ይዞታ እስከ አፋፉ የሚደርስ ከሆነ ምሳሌነቱ ከዚያ ይጀምር።

ሁለተኛ፤ በዚያ መቀነት ላይ ከብት መልቀቅን በጊዜ መወሰን፤ ከሌላ ክልክል ሣር አጭዶ ማብላትን ማስለመድ።

ሦስተኛ፤ የማሳ ጥበቃን በተራ ማድረግ። ጭላዳ ሌሊት ስለማይሰማራ ጥበቃው ከጠዋት እስከ ማታ ነው፤ ይበልጥ የሚያስፈልገውም እሸቱ ከደረሰ እስከ አጨዳው ባለው ጊዜ ነው። ጎልማሶች በተራ ቢጠብቁ ልጆች ከትምህርታቸው አይቀሩም።

አራተኛ፤ የጠፋውን ሰብል ቀን፣ ስፍራና መጠን ጠቅሶ በመዝገብ ማስፈርና ለፓርኩ ጽሕፈት ቤትና ለወረዳው ማቅረብ። ያልተመዘገበ ጉዳት ሰሚ አያገኝም።

አምስተኛ፤ ውሾችን ማሰርና ለእብድ ውሻ በሽታ ማስከተብ፤ በሽታው ከውሻ ወደ ቀይ ቀበሮ ይተላለፋልና።

ካህናት በስብከታቸው አዳም በገነት የተቀመጠው ሊያለማትም ሊጠብቃትም እንደ ነበር ሲያስተምሩ፣ መዝሙረኛውም ተራራና ዓለት ለአራዊት መጠጊያ መሆናቸውን እንዳነሣ ሲያስታውሱ፣ ይህን ከአጥቢያቸው ገደል ጋር ቢያገናኙት ለምእመናን ቅርብ ይሆናል። ከተግሣጹ በፊት ግን የገበሬው ጉዳት ይሰማ፤ ጉዳቱ ያልተሰማለት ሰው ምክር አይቀበልምና።

የመወያያ ጥያቄዎች

፩. በአጥቢያችን ባለፉት ሃያ ዓመታት ማረሻ ወደ ገደሉ ምን ያህል ቀርቧል? ሽማግሌዎች ይመስክሩ።

፪. ዘንድሮ ችግኝ ለመትከል ያሰብንበት ስፍራ ቀድሞ የሣር ምድር ነበርን?

፫. የሣር መቀነት ቢለይ ማሳው የሚቀነስበት ማን ነው? ሸክሙን ለብቻው እንዳይሸከም ምን እናድርግለት?

፬. በጉባኤያችን ፊት ክልከላ ቢታወጅ ማን ይጠብቀዋል? የሚጥሰውስ በምን ይታረማል?

ጉባኤው ከተወያየ በኋላ ውሳኔውን በቃለ ጉባኤ ይመዝግብ፤ ከአንድ የመኸር ወቅት በኋላም የተፈጸመውንና ያልተፈጸመውን መልሶ ይመርምር።