ከሱስ ለመውጣት ባልንጀራን ስለ መፈለግ

በድሬዳዋ ከተማ ቀትር ሲያልፍና ሐሩሩ ሲበረታ፥ ከሐረርጌ ደጋ የወረደው ጫት በየሰፈሩ ይደርሳል። የጫት ኀይሉ በትኩስ ቅጠሉ ስለ ሆነ ብዙ ቀን አይቈይም፤ የአወዳይ ገበያ ሁልጊዜ የሚጣደፈው ስለዚህ ነው። ምንጣፍ ይነጠፋል፥ ትራስ ይደረደራል፥ ወዳጅም ከወዳጁ ጎን ይቀመጣል። ይህ ጉባኤ በርጫ ይባላል።

እኛ በዚህ ጽሑፍ በልክ የሚቅመውን ሁሉ ለመንቀፍ አልተነሣንም። የምንናገረው ለቅጠሉ ባሪያ ስለ ሆነው ሰው ነው። ደመወዙ ልጆቹን ሳያበላ ያልቃል፤ ከምርቃናው በኋላ እንቅልፍ እንዲወስደው ጨብሲ ብሎ ይጠጣል፤ ሌሊት ዱካክ ያስጨንቀዋል፤ ጧትም ሐራራው ሳይበርድለት ለሥራ አይነሣም። መጠጥ ብቻውን የያዘውም ሰው ከዚህ የተለየ አይደለም። አንተ ወይም አንቺ፥ ወይም ከቤታችሁ አንዱ እንዲህ ከሆነ፥ ይህ ትምህርት ለእናንተ ተጽፏል።

1ኛ። ብቻውን የተወ ሰው ለምን ይመለሳል?

ብዙ ሰው “ከነገ ጀምሮ አልነካም” ብሎ ይምላል፤ ሳምንትም ሳይሞላ ይመለሳል። ዘመዶቹ ይህን አይተው ፈቃደ ደካማ ይሉታል። ነገር ግን ነገሩን በሚገባ እንመርምር። ይህ ሰው የተወው ቅጠሉን ብቻ ነውን? አይደለም። በበርጫ ቤት ይጫወት ነበር፤ ችግሩን ይናገር ነበር፤ የሥራ ወሬና የለቅሶ መርዶ የሚሰማው በዚያ ነበር። እንግዲህ ጫቱን በተወ ቀን ወዳጆቹንም አጣ። ስምንት ሰዓት በሆነ ጊዜ ብቻውን በቤቱ ተቀምጦ ግድግዳ ያያል፤ ሐራራውም በዚያች ሰዓት ይመጣል። ከአንድ ማኅበር የወጣ ሰው ሌላ ማኅበር ካላገኘ፥ ወደ ተወው ማኅበር መመለሱ ምን ያስደንቃል?

2ኛ። የሁለት ሰዎች ታሪክ

በ1927 ዓ.ም. በግንቦት ወር ቢል ዊልሰን የተባለ የኒው ዮርክ የአክሲዮን ነጋዴ ለንግድ ጉዳይ አክሮን ወደምትባል የአሜሪካ ከተማ ሄደ። ብርቱ ጠጪ የነበረ፥ መጠጥም ከተወ አምስት ወር ያህል የሆነው ሰው ነበረ። ንግዱ ሳይሳካለት ቀርቶ በሆቴሉ አዳራሽ ሲመላለስ፥ ከመጠጥ ቤቱ የሚመጣው ሣቅና ጨዋታ ልቡን ሳበው። በዚያን ጊዜ ሐኪም አልፈለገም፤ መካሪም አልፈለገም። እንደ እርሱ በመጠጥ የተያዘ ሌላ ሰው ለማግኘት ፈለገ። ስለዚህ የቤተ ክርስቲያን አገልጋዮችን ስም ከዝርዝር አውጥቶ በስልክ ጠየቀ፤ በእነርሱም በኩል ቦብ ስሚዝ ከተባለ ሐኪም ጋር ተገናኘ። ሐኪሙ ራሱ በመጠጥ የጠፋ ሰው ነበረ። ለሩብ ሰዓት ብቻ ብሎ የመጣው ስሚዝ እስከ ሌሊት ድረስ ተቀምጦ ተነጋገረ፤ የሚያነጋግረው ሰው አልገሠጸውምና፥ የራሱን ውርደት ነገረው እንጂ። ስሚዝ ለመጨረሻ ጊዜ የጠጣው በዚያው ዓመት ሰኔ 3 ቀን ነው ይባላል፤ ስማቸውን የማይገልጹ ሰካራሞች ማኅበርም ያን ቀን እንደ ልደቱ ይቈጥረዋል። ማኅበሩ ዛሬ ወደ 180 በሚጠጉ አገሮች ይገኛል። በ1945 ዓ.ም. ደግሞ በሌላ አደንዛዥ ነገር ለተያዙ ሰዎች ተመሳሳይ ማኅበር በካሊፎርኒያ ቆመ።

ይህ መንገድ ይጠቅማልን? በ2012 ዓ.ም. የኮክሬን ተመራማሪዎች 27 ጥናቶችን መርምረው ስለ መጠጥ ሲጽፉ፥ በሥርዓት ወደዚህ ማኅበር ከተመሩት ሰዎች ከመቶው 42ቱ ዓመት ሲሞላ ፈጽሞ ሳይጠጡ ሲገኙ፥ ሌላ ሕክምና ካገኙት ግን 35ቱ እንደ ተገኙ አስታውቀዋል። ማኅበሩ ሁሉን አላዳነም፤ ነገር ግን ያለ ዋጋ የሚገኝ ነገር ይህን ያህል ከረዳ የሚናቅ አይደለም።

3ኛ። በከተማችን እንዴት ይፈለጋል?

ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. የባቡር ሐዲድ ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ከብዙ ወገን የመጡ እንግዶች እርስ በርሳቸው ዘመድ የሆኑት በዕድርና በዕቁብ ነው። በሐምሌ ወር መጨረሻ 1998 ዓ.ም. ደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው በገደለ ጊዜ፥ ጎርፍ ቤቱን የወሰደበትን ሰው “አፈርንብህ” ያለው የለም። ሱስ ቤቱን የወሰደበትን ግን እንሸሽገዋለን፤ እርሱም ይሸሸጋል። መድኃኒቱ የሚጀምረው ከመሸሸግ በመውጣት ነው።

ስለዚህ አስቀድመህ ወደ ድል ጮራ ሆስፒታል ወይም በአቅራቢያህ ወዳለው ጤና ጣቢያ ሂድ፤ “ከሱስ የወጡ ሰዎች የሚሰበሰቡበት አለን?” ብለህ ሐኪሙንና ነርሷን ጠይቅ። ተማሪ ከሆንህ የትምህርት ቤትህን የምክር አገልግሎት ጠይቅ። የዕድርህን ዳኛ፥ የንስሐ አባትህን ወይም የመስጊድህን ሼህ በምስጢር አነጋግር፤ እነርሱ ማን እንደ ተወ ያውቃሉና። ከሁሉም በላይ በከዚራም ሆነ በመጋላ፥ በሳቢያንም ሆነ በገንደ ቆሬ፥ ከአንተ አስቀድሞ የተወውን አንድ ሰው ፈልግ።

ጉባኤ ባታገኝ ተስፋ አትቍረጥ፤ ከላይ እንዳነበብከው ለመጀመር ሁለት ሰዎች ይበቃሉና። በቀን አንድ ሰዓት ወስኑ፤ ሰዓቱም በርጫ የሚጀመርበት ወይም ጨብሲ የሚጠጣበት ይሁን፤ የምትፈተኑት በዚያች ሰዓት ነውና። ሻይ አፍሉ፥ ተነጋገሩ፥ ከደቻቱ ማዶ ወደ ማዶ በእግር ሂዱ።

መልካም ጉባኤ በእነዚህ ይታወቃል። የሚነገርበትን ወደ ውጭ አያወጣም፤ ገንዘብ አያስከፍልም፥ መድኃኒትም አይሸጥም፤ አንዱ በሌላው ላይ አይሠለጥንም፤ ሁሉም ስለ ራሱ ይናገራል እንጂ ባልንጀራውን አይሰድብም። ሴቶችም ከወንዶች ይልቅ ሐሜትን ስለሚፈሩ፥ ለብቻቸው የሚሰበሰቡበት ቢኖራቸው ይሻላል።

4ኛ። ማስጠንቀቂያ

በየቀኑ ብዙ መጠጥ የሚጠጣ ሰው ለሐኪም ሳይናገር በድንገት አይተው። አካሉ ይንቀጠቀጣል፥ አእምሮው ይታወካል፥ እንደሚጥል በሽታም ሊጥለው ይችላል፤ በዚህም የሚሞት አለ። ጫት የተወ ሰው ግን ለጥቂት ቀናት ድካም፥ እንቅልፍ፥ ትካዜና ክፉ ሕልም ያገኘዋል፤ ይህም ያልፋል። ነገር ግን ራሱን ለመግደል የሚያስብ ቢኖር ባልንጀራው ከአጠገቡ ሳይለይ ዛሬውኑ ወደ ሆስፒታል ይውሰደው። ማኅበር የሐኪም ረዳት ነው እንጂ ምትኩ አይደለም።

ባልንጀራችሁ ተመልሶ ቢወድቅስ? አታባርሩት። የወደቀ ቀን ከሁሉ ይልቅ ሰው የሚያስፈልገው ቀን ነው። ቤቱ ሂዱ፥ በሩን አንኳኩ፥ ከአንድ ጀምሮም ከእርሱ ጋር ቍጠሩ። የተወው ሰው ደግሞ “እኔ ድኛለሁ” ብሎ ከጉባኤው አይቅር፤ ዊልሰን በሆቴሉ አዳራሽ ራሱን ያዳነው ሌላውን ሲፈልግ ነውና። አባቶች “ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ” ያሉት በከንቱ አይደለም።

ለማሰብ የሚረዱ ጥያቄዎች

1. በርጫውን ወይም መጠጥ ቤቱን ብትተው፥ ከቅጠሉና ከመጠጡ ሌላ ምን ታጣለህ?
2. ብርቱ ፈተና የሚመጣብህ በስንት ሰዓት ነው? በዚያ ሰዓት ከማን ጋር ልትሆን ትችላለህ?
3. ከምታውቃቸው ሰዎች ሱስን የተወ ማን ነው? በዚህ ሳምንት ልታነጋግረው የምትችለው በየትኛው ቀን ነው?
4. ከቤተ ሰብህ አንዱ ቢወድቅ፥ የምትናገረው የመጀመሪያ ቃል ምን ይሆናል?